ዛንዚባር በጥቂት ቀናትና በተመጠነ ገንዘብ፦ ከመድኑ እስከ ዳላዳላው

ወደ ዛንዚባር ለጥቂት ቀናት በተመጠነ ገንዘብ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋና ከምግብ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ደሴቲቱን ለመርገጥ ብቻ የሚከፈለውን ገንዘብ እንዲደምር እመክራለሁ። ይህን ድምር ሁለት ሌሊት ያደረም ሆነ ስድስት ሌሊት የሰነበተ መንገደኛ እኩል ስለሚከፍለው፣ የጉዞውን ርዝመት፣ የሚታረፍበትን ቦታና የመጓጓዣውን ዓይነት የሚወስነው እርሱ ነው። ይህ ግምገማ አንድ ሆቴልን ወይም አንድ አስጎብኚ ድርጅትን የሚመለከት አይደለም። ጉዞው የሚያልፍባቸውን አገልግሎቶች፣ ማለትም መድኑን፣ የመንገደኛ ጀልባውን፣ ዳላዳላ የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ፣ ማረፊያውን፣ የምሽት ገበያውንና የጉብኝት ጉዞዎቹን እየመዘነ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባውን ከማይገባው ይለያል።

የማይቀሩት ክፍያዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቪዛ ሲሆን፣ የታንዛኒያ የአንድ ጊዜ መግቢያ የቱሪስት ቪዛ ለብዙ አገሮች ዜጎች 50 ዶላር ነው። ሁለተኛው መድን ነው፤ ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ ፕሬዚዳንት፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ሕጎች ያሏት ከፊል ራስ ገዝ ስለሆነች፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር ጎብኚ፣ ሌላ የጉዞ መድን በእጁ ቢኖርም እንኳ፣ ከዛንዚባር መድን ኮርፖሬሽን የመግቢያ መድን የመግዛት ግዴታ አለበት። ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች ደግሞ 22 ዶላር ነው። ሦስተኛው በዳሬ ሰላም በኩል ለሚመጡ መንገደኞች የጀልባው ዋጋ ሲሆን፣ ለውጭ አገር ሰው በተራው መቀመጫ 35 ዶላር ገደማ፣ ደርሶ መልስ 70 ዶላር ያህል ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 164 ዶላር ይመጣል። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ይህ በየሌሊቱ 82 ዶላር ማለት ነው፤ ስድስት ሌሊት ለሚያድር ግን ወደ 27 ዶላር ይወርዳል። በቀላል ማረፊያ የሚያድርና የአካባቢውን ምግብ የሚበላ ሰው ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት የሚያወጣው ከ30 እስከ 45 ዶላር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሌሊት የዛንዚባር ጉዞ በዋጋ ረገድ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ገንዘቡን ለሚቆጥብ ሰው ከአራት ሌሊት ያነሰውን አልመክርም፤ አምስት ወይም ስድስት ሌሊት ልኩ ነው።

መድኑን እንደ አገልግሎት ስመለከተው፣ አሠራሩ ጥሩ፣ ዋጋው ግን ለአጭር ጎብኚ የማይመጥን ነው። በኢንተርኔት ተሞልቶ ተከፍሎ የሚያልቅ ጉዳይ በመሆኑ ሰልፍና ደላላ የለበትም፤ የሚላከውን ማረጋገጫ አትሞ ወይም በስልክ ይዞ መግቢያው ላይ ማሳየት ይበቃል። ይሁን እንጂ ለሦስት ወር ያህል የሚያገለግለው ሽፋንና ለአራት ቀን እንግዳ የሚበቃው ሽፋን በአንድ ዋጋ መሸጡ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ለጥቂት ቀን የሚመጣ ሰው የተቀነሰ ዋጋ ቢኖረው ደሴቲቱም የበለጠ እንግዳ ታገኝ ነበር። ቪዛውን በተመለከተ ማመልከቻው የሚቀርበው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው። የመንግሥት መስለው የሚታዩና በዋናው ዋጋ ላይ የራሳቸውን ክፍያ የሚጨምሩ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አስተውሎ መክፈት ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውንም ከጉዞው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ማስገባት ይገባል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ የምስክር ወረቀቱ መጽናት የሚጀምረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ለመጨረሻ ሳምንት የሚተው ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ግን ካርዱ ለዕድሜ ልኩ ያገለግለዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባርም ወደ ዳሬ ሰላምም ይበርራል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የበጀቱ ትልቁ ውሳኔ ነው። የዳሬ ሰላም ትኬት ረክሶ ሲታይ ልብን ይስባል፤ ነገር ግን በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው የጀልባውን 70 ዶላር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ወደቡ የሚወስደውን ታክሲና፣ በረራው ከመጨረሻው ጀልባ በኋላ የሚደርስ ከሆነ የአንድ ሌሊት አልጋ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ በአምስት ቀን ጉዞ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ያህል በመመላለስ ያልፋል። ስለዚህ በሁለቱ ትኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ዶላር በታች ከሆነ በቀጥታ ወደ ዛንዚባር መብረር ይሻላል፤ ልዩነቱ ከዚያ ሲያልፍ፣ ወይም ዳሬ ሰላምን ራሷን ማየት የሚፈለግ ከሆነ፣ ጀልባው ጥሩ ነው።

ጀልባው በእርግጥም ጥሩ ነው። አዛም ማሪን የተባለው ድርጅት «ኪሊማንጃሮ» በሚል ስም እየቆጠረ የሚያሰማራቸው ፈጣን መርከቦች መንገዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል፤ በቀንም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚመላለሱ ከጠዋቱና ከቀትር በኋላ ከሚነሱት መምረጥ ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መድረሻው ነው፤ መርከቡ መንገደኛውን የሚያወርደው በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን ጫፍ፣ በማሊንዲ ወደብ ስለሆነ፣ ሻንጣው ቀላል የሆነ ሰው ታክሲ ሳይከራይ በእግሩ ማረፊያው ይደርሳል። ድክመቱ ባሕሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ መርከቡ በኃይል ይናጣል፤ ሆዱ የማይችል ሰው በታችኛው ፎቅ ወደ ኋላና ወደ መካከል ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ የማቅለሽለሽ ኪኒኑንም ከመነሳቱ በፊት ይዋጥ። ትኬቱ በኢንተርኔት ወይም በድርጅቱ በራሱ መስኮት ብቻ መገዛት አለበት። በዳሬ ሰላም ወደብ አካባቢ የደንብ ልብስ የመሰለ ለብሰው «ቢሮው ተዘግቷል፣ እኔ ልቁረጥልዎት» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ነው። ከዚህ መስመር ውጭ በርካሽ እናሻግራለን የሚሉ ትናንሽ ጀልባዎችን መሳፈር ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በእነዚህ ውኃዎች ሁለት የመንገደኛ መርከቦች ሰጥመው ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ከዚያ ወዲህ በባሕር ጉዞ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ለማንም የሚመከር ነገር አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ማንሳት ይጠቅማል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱም አንድ ሰዓት ይሉታል። የጀልባ ትኬት የሚታተመው ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በቃል የተነገረውንና በወረቀቱ ላይ ያለውን ማመሳከር ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይህ ከሌላው እንግዳ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ከዳላዳላ ረዳትም ሆነ ከጀልባ ባለቤት ጋር ቀጠሮ ሲይዝ አእምሮው ሒሳብ መሥራት አይኖርበትም።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ከተገመገሙት አገልግሎቶች ሁሉ ከፍ ያለውን ነጥብ የምሰጠው ለዳላዳላው ነው። ዳላዳላ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ከፊሎቹ ሚኒባሶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጎናቸው ክፍት የሆነና ተሳፋሪው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የሚቀመጥባቸው ጣሪያ የተሠራላቸው ትናንሽ የጭነት መኪኖች ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው፤ 116 ወደ ሰሜኑ ኑንግዊ፣ 309 ወደ ምሥራቁ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ 505 ደግሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል። ከከተማው እስከ ኑንግዊ ወይም እስከ ጃምቢያኒ የሚከፈለው ከአንድ ዶላር ብዙ የማይርቅ የታንዛኒያ ሽልንግ ሲሆን፣ ያንኑ መንገድ ኮንትራት ታክሲ ከ30 እስከ 50 ዶላር ይጠይቅበታል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ፣ በጉዞው ውስጥ ሁለት ጊዜ ከታክሲ ይልቅ በዳላዳላ የተጓዘ ሰው የሁለት ሌሊት አልጋውን ዋጋ ያተርፋል።

በእርግጥ ዳላዳላ ዘገምተኛ ነው። ታክሲ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ትርፍ ይጭናል፤ ረጅም ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፍበት አያገኝም፤ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ከሩዝ ጆንያና ከዓሣ ቅርጫት ጋር ይታሰራል። ጀምበር ስታዘቀዝቅም የሩቅ መስመሮቹ መኪኖች እየሳሱ ይሄዱና ያልቃሉ፤ ስለዚህ ከምሽቱ በፊት ለመድረስ ከቀትር በፊት መነሳት ይገባል። ነገር ግን ከዋጋው ባሻገር ሌላ ጥቅም አለው። 309 ቁጥር በጆዛኒ ደን በር በኩል ስለሚያልፍ፣ አስጎብኚዎች የግማሽ ቀን ጉዞ አድርገው የሚሸጡትን ጉብኝት መንገደኛው ወደ ባሕር ዳርቻው በሚሄድበት ዕለት ወርዶ አይቶ በሚቀጥለው ዳላዳላ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። ጆዛኒ በዛንዚባር ብቻ የሚገኘው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ መኖሪያ ነው፤ ጦጣዎቹ ሰው ስለለመዱ በቅርብ ይታያሉ፤ በመግቢያው ዋጋ ውስጥ የሚካተተው አስጎብኚም ከደኑ አልፎ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ያዞራል። ይህን ሁሉ የመግቢያውን ዋጋ ብቻ በመክፈል ማግኘት ይቻላል። ብዙ ሻንጣ ያለው ወይም ከሕፃናት ጋር የሚጓዝ ሰው ግን በዳላዳላው ባይጨነቅ ይሻላል፤ ለእርሱ ማረፊያ ቤቶች የሚያገናኙት በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል የጋራ ሚኒባስ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የት ይታረፍ የሚለው ነው። አጭር ጊዜ ያለው ሰው ደሴቲቱን ሁሉ ልዙር ካለ ገንዘቡ በታክሲ፣ ቀኑም በመንገድ ያልቃል። ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትረዝም፣ በካርታ ትንሽ ብትመስልም በዳላዳላ ፍጥነት ትንሽ አይደለችም። በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን አንድ ወይም ሁለት ሌሊት፣ የቀረውን በአንድ የባሕር ዳርቻ ብቻ ማሳለፍ ይበቃል፤ ሁለት የባሕር ዳርቻ መያዝ ለአምስት ቀን እንግዳ ብክነት ነው።

የትኛውን የባሕር ዳርቻ የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው፤ ይህንን የማስታወቂያ ፎቶግራፎች አያሳዩም። በዛንዚባር ዙሪያ ባሕሩ በሙላትና በሽሽት መካከል እስከ አራት ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት አለው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄ፣ በጃምቢያኒ፣ በብዌጁና በማቴምዌ፣ የባሕሩ ወለል እስከ ኮራሉ አለት ድረስ ሜዳ ስለሆነ፣ ውኃው ሲሸሽ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መዋኘት አይቻልም። በሰሜኑ ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ለመዋኘት ብቻ የሚሄድ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሰሜኑ በሆቴል የተጨናነቀ፣ ምግቡም አልጋውም ከምሥራቁ የሚወደድበት ነው።

እኔ ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ ከምሥራቁም ጃምቢያኒን። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው ሜዳ ራሱ የሚታይ ነገር ነው፤ የመንደሩ ሴቶች በእንጨት ችካልና በገመድ ያጠሩትን የባሕር አረም እርሻ ሲያርሙና ሲለቅሙ፣ ልጆች በአለቱ ሥር ኦክቶፐስ ሲፈልጉ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። እርሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ሲሆን ምርቱ ለምግብና ለመዋቢያ ዕቃዎች ማርጊያ ወደ ውጭ ይላካል። ገመዱ የሰው ንብረት ስለሆነ መርገጥ አይገባም፤ ሥራ ላይ ያለችን ሴት ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሳትም ነውር ነው። እሾሃማ የባሕር ፍጥረት እግር እንዳይወጋ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል።

ምሥራቁን የመረጠ ሰው ጨረቃዋን አይቶ ቀኑን ቢወስን ብዙ ያተርፋል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ በተለይም በተከታዮቹ አንድና ሁለት ቀናት፣ ሙላቱም ሽሽቱም እጅግ ይበረታል። በዚህ የውቅያኖስ ዳርቻ በእነዚያ ቀናት ውኃው የሚሸሸው በረፋዱ ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ደግሞ ከቀትር በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ጠዋት ሜዳው ላይ መመላለስ፣ ከሰዓት በኋላ መዋኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃዋ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ልዩነቱ ስለሚያንስ ውኃው ያን ያህል አይርቅም። የሒጅራ ቀን የሚቆጥር ሰው ይህን ያለ ሌላ ሠንጠረዥ ያገኘዋል፤ የወሩ መጀመሪያና አሥራ አምስተኛው ቀን አካባቢ ብርቱው ነው። ይህ መረጃ ምንም የማያስከፍል ሆኖ ሳለ፣ የአልጋውን ዋጋ ለሳምንታት ሲያነጻጽር የቆየ ሰው እንኳ ሳያየው ይቀራል።

ማረፊያን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። በስቶን ታውንም ሆነ በፓጄ የጋራ መኝታ ከ12 እስከ 20 ዶላር፣ ቀላል የብቻ ክፍል ከቁርስ ጋር ከ25 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። ከመያዝ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ አጎበር አለ ወይ፣ ማራገቢያው መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ፣ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው የመሠረተ ልማት ግብር በዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይ። ይህ ግብር ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት በሚታየው ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ ሲወጡ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። «ባሕሩ አጠገብ» ከሚሉ ቤቶች ይልቅ ወደ ውስጥ የሦስት ደቂቃ መንገድ የገቡት ዋጋቸው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዳርቻው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። የኤሌክትሪክ መሰኪያው ዓይነት አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ጥርሶች ያሉት የእንግሊዝ መሰኪያ ስለሆነ ማስተካከያ መያዝ ይገባል። የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ዕቃን በጨርቅ ከረጢት አስሮ መሄድ ነው።

ገንዘብ የሚያዘው በዶላርና በሽልንግ ነው። ቪዛውንና መድኑን በዶላር ከጨረሱ በኋላ ዳላዳላውን፣ ገበያውንና ትናንሽ ምግብ ቤቶችን በሽልንግ መክፈል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ የዶላር ኖት የሚቀበል አይገኝም። ኤቲኤም በብዛት ያለው በከተማው ስለሆነ ወደ ዳርቻው ከመውጣት በፊት ለቀሪዎቹ ቀናት የሚበቃውን ማውጣት ያስፈልጋል።

ምግቡ ለበጀት መንገደኛ የደሴቲቱ ስጦታ ነው። በስቶን ታውን ፊት ለፊት ባሕሩ ዳር ያለው የፎሮዳኒ መናፈሻ፣ የአጋ ኻን የባህል ድርጅት አድሶት እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና የተከፈተ ሲሆን፣ ጀምበር ስትጠልቅ የምሽት ገበያ ይሆናል። እዚያ የምመክረው ኡሮጆ ነው፤ በእርድና በማንጎ የተሠራ ኮምጠጥ ያለ ወፍራም ሾርባ ውስጥ ድንች፣ የሽምብራ ባጅያና የካሳቫ ጥብስ ይጨመርበታል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዶላር ባልበለጠ ዋጋ ያጠግባል። ሸንኮራ አገዳው በዝንጅብልና በሎሚ ተጨምቆ የሚቀርበው ጭማቂም እንዲሁ። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት በስስ ሊጥ ውስጥ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ለአንድ ጊዜ ይበላል። በእንጨት ተሰክተው የሚደረደሩት የባሕር ምግቦች ግን ለኔ ገንዘባቸውን የሚያወጡ አይደሉም፤ ከቀን ጀምሮ ተጠብሰው የቆዩ ይኖራሉ፤ ዋጋው ሳይነገር ሳህኑ ይሞላና ሒሳቡ ያስደነግጣል። የሚፈልግ ሰው ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዱን ዋጋ ይጠይቅ፣ እያየ በፊቱ እንዲጠበስለትም ይዘዝ። ቀን ቀን በከተማው ውስጥ በሉክማን ምግብ ቤት የሚቀርበውን ፒላው የተባለ ቅመም የገባበት ሩዝና በኮኮናት የተሠራ ዓሣ መብላት ጥሩ ነው፤ የቀረበው ምግብ በዓይን ታይቶ ስለሚመረጥ ስሙን ለማያውቅ እንግዳ ይመቻል። ጾመኛ ሰውም አይቸገርም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከሩዝ ወይም ከቻፓቲ ጋር በየቦታው አለ። በረመዳን ግን ቀን አደባባይ ላይ መብላትና መጠጣት አይገባም፤ አብዛኞቹ የሕዝብ ምግብ ቤቶችም እስከ ማታ ይዘጋሉ።

ከሚሸጡት የጉብኝት ጉዞዎች ውስጥ ዋጋቸውን የሚያወጡት ጥቂት ናቸው። የቅመም እርሻ ጉብኝት ከሌሎች ጋር ተጋርተው ከሄዱ ጥሩ ነው፤ ቅርንፉዱን በዛፉ ላይ፣ ቀረፋውን በቅርፊቱ፣ ቁንዶ በርበሬውን በሐረጉ ማየት ስለ ደሴቲቱ ታሪክ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳል። ቻንጉ ወደምትባለው፣ በተለምዶ የእስር ቤት ደሴት ወደሚሏት ትንሽ ደሴት መሄድ የግማሽ ሰዓት ያህል የጀልባ መንገድ ነው፤ እዚያ ያሉት ግዙፍ ኤሊዎች እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጡት ኤሊዎች ዘር ናቸው። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሚጠራ አራት አምስት ሆኖ መከራየት ነው። በኪዚምካዚ የዶልፊን ጉዞ ግን አልስማማም፤ ብዙ ጀልባዎች በአንድ ጊዜ እንስሳቱን እየከበቡ ሲያሳድዱ ማየት ያሳዝናል፤ ገንዘብ ተርፎም ቢሆን አልከፍልበትም። በባሕሩ መካከል ባለ አለት ላይ የተሠራው ዘ ሮክ የተባለው ምግብ ቤት ዋጋው ከዚህ በጀት በላይ ነው፤ ከዳርቻው ቆሞ ማየቱ ግን ነጻ ነው።

በሌላ በኩል ትንሽ ተከፍሎበት ብዙ የሚሰጥ አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የቀድሞው የባሪያ ገበያ የነበረበት የአንግሊካን ካቴድራል ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 በሱልጣን ባርጋሽ ዘመን በስምምነት ሲዘጋ ካቴድራሉ በቦታው ላይ መገንባት ጀመረ። ከመሬት በታች ያሉት ዝቅ ያሉ ክፍሎች፣ በግቢው ውስጥ ያለው በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ሐውልትና የተሟላው የጽሑፍ ገለጻ ሁለት ሰዓት ሊሰጣቸው ይገባል። በስቶን ታውን ሌላ የሚከፈልበት ነገር ባይታይም አይጎድልም። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከተማ ራሷ፣ የተቀረጹ በሮቿና ጠባብ መንገዶቿ በእግር ለሚዞር ሰው ክፍት ናቸው። የድንቆች ቤት የሚባለው ትልቁ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከፊሉ ስለተደረመሰ፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ቀን መያዝ አይገባም። በከተማዋ የሚዞር ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ትከሻውንና ጉልበቱን መሸፈን ለነዋሪው አክብሮት ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ማሲካ የተባለው ረጅሙ ዝናብ አልጋውን ያረክሳል፤ ነገር ግን በአምስት ቀን ውስጥ ሦስቱ በዝናብ ካለፉ ርካሽነቱ ትርጉም የለውም፤ ብዙ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ውድ ናቸው። ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚሻሉት ሰኔና ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ ዝናቡ ያነሰ፣ ዋጋውም ገና ያልወጣ ወይም የወረደ ነው።

የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ማደላደል ያስፈልጋል። በዳሬ ሰላም በኩል የሚመለስ ሰው የመጨረሻውን ሌሊት በጃምቢያኒ ሳይሆን በስቶን ታውን ቢያድርና የጠዋቱን የመጀመሪያ ጀልባ ቢይዝ ይሻላል፤ ነፋስ ሲበረታ ጉዞው ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል፣ የዳሬ ሰላም መንገድም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እጅግ ስለሚጨናነቅ፣ በጀልባው መድረሻና በበረራው መነሻ መካከል ቢያንስ ስድስት ሰዓት መተው ይገባል። በቀጥታ ከዛንዚባር ለሚበር ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሻንጣው ቀላል ከሆነ በእጁ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሽልንጎች ለ505 ቁጥር ዳላዳላ ይበቁታል።